ከትሮምሶ ሎንግየርቢየን፦ ርቀቱንም ሰዓቱንም ራስዎ ያስሉት

ስቫልባርድ የሚባሉት የኖርዌይ ደሴቶች የሚገኙት በኖርዌይ ዋና ምድርና በሰሜን ዋልታ መካከል፣ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ነው። ዋና መንደራቸው ሎንግየርቢየን ናት። እዚያ የሚያደርስ የመኪና መንገድ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስ የመንገደኛ መርከብም የለም። ለሥራ፣ ለጉብኝት፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1993 በተመሠረተው የስቫልባርድ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ለመማር የሚሄድ ሰው በአውሮፕላን ነው የሚሄደው። ብዙዎቹም በሰሜን ኖርዌይ ትልቋ ከተማ በትሮምሶ በኩል ያልፋሉ።

ይህን ጉዞ ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንት ሰዓት ይፈጃል? ሁለቱ ጥያቄዎች አብረው ስለሚነሱ አንድ መልስ ያላቸው ይመስላል። የላቸውም። የመጀመሪያውን የሚመልሰው የምድር ቅርጽ ነው፤ እርሱን በካልኩሌተር አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ያገኙታል። ሁለተኛውን ግን አየር መንገዱ፣ የፓስፖርት ፍተሻው፣ የአየር ጠባዩና የሰዓት አቆጣጠሩ አንድ ላይ ሆነው ነው የሚወስኑት። በስልክዎ ላይ ያለ መተግበሪያ የመጀመሪያውን አስልቶ ሁለተኛውንም ያወቀ መስሎ ቢታይዎት አይመኑት። ይህ መመሪያ ሁለቱንም በየተራ ያስኬድዎታል።

የቦታውን ቁጥር በትክክል መያዝ

ሥራው የሚጀመረው ከኬክሮስና ከኬንትሮስ ነው። የትሮምሶ ኤርፖርት በ69 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ሰሜን፣ በ18 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ ምሥራቅ ይገኛል። የሎንግየርቢየኑ ደግሞ በ78 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ሰሜን፣ በ15 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ እንጂ 100 ስላልሆነ፣ 69 ዲግሪ ከ41 ደቂቃን 69.41 ብለው ካልኩሌተር ውስጥ ካስገቡት ኤርፖርቱን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ገፉት ማለት ነው። ደቂቃውን ለ60 ያካፍሉት፤ 41 ሲካፈል ለ60፣ 0.68 ይሆናል። ስለዚህ ትሮምሶ 69.68 ሰሜን፣ 18.92 ምሥራቅ ነው። ሎንግየርቢየን 78.25 ሰሜን፣ 15.47 ምሥራቅ ነው።

ስሙንም በጥንቃቄ ይያዙ። በሰሜኑ ዓለም የቦታ ስም ይቀየራል፤ የኤርፖርቱ መለያ ግን የቀድሞውን ስም እንደያዘ ሊቀር ይችላል። በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ ያለችው ባሮው እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ነባር ስሟ ወደ ኡትኪያግቪክ ተመልሳለች፤ በቲኬት ላይ የሚወጣው የኤርፖርቷ መለያ ግን ዛሬም ቢ-አር-ደብልዩ ነው። የትሮምሶ መለያ ቲ-ኦ-ኤስ፣ የሎንግየርቢየን ኤል-ዋይ-አር ነው። ቲኬት ሲቆርጡ ከስሙ ይልቅ ሦስቱን ፊደላት ያመሳክሩ።

ርቀቱን ማስላት

አንድ ዲግሪ ኬክሮስ የትም ቢሆን ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። በሁለቱ ኤርፖርቶች መካከል ያለው የኬክሮስ ልዩነት 78.25 ሲቀነስ 69.68፣ ማለትም 8.57 ነው። በ111 ሲባዛ 951 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ይህ ወደ ሰሜን የሚጓዙት ነው።

ወደ ጎን ያለው ግን ሌላ ሂሳብ አለው። የኬንትሮስ መስመሮች የጎጆ ቤት ወራጆች ከግድግዳው ተራርቀው ተነስተው ጉልላቱ ሥር እንደሚገናኙ ሁሉ ከምድር ወገብ ተራርቀው ተነስተው ዋልታው ላይ ይገናኛሉ። በአዲስ አበባ ኬክሮስ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ትሮምሶ ላይ 39 ብቻ ነው። ሎንግየርቢየን ላይ ወደ 23 ይወርዳል። ስለዚህ የኬንትሮሱን ልዩነት በ111 ብቻ ማባዛት አይበቃም፤ በሁለቱ ቦታዎች አማካይ ኬክሮስ ኮሳይንም ይባዛል። የሁለቱ አማካይ 74 ዲግሪ ግድም ነው፤ ኮሳይኑ 0.276 ነው። የኬንትሮስ ልዩነቱ 18.92 ሲቀነስ 15.47፣ ማለትም 3.45 ነው። 3.45 በ111፣ ከዚያም በ0.276 ሲባዛ 106 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

አሁን 951 ወደ ሰሜን፣ 106 ወደ ምዕራብ አለዎት። የፓይታጎረስን ሕግ ይጠቀሙ፤ የሁለቱን ካሬ ደምረው ስኩዌር ሩቱን ሲያወጡ 957 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ። የምድርን ቅርጽ በሙሉ ያገናዘበው ስሌት የሚሰጠው 960 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲዞር ከሚጨምረው መንገድ ያነሰ ነው። አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ከፈለጉት 960ን ለ1.852 ያካፍሉት፤ 518 ይሆናል።

ይህ ስንት ያህል ነው? ከአዲስ አበባ ካርቱም በአየር 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሁለቱ የሰሜን ኤርፖርቶች ርቀት ከዚያ ትንሽ ያንሳል። በካርታ ላይ ግን በጣም የበለጠ ይመስላል፤ ይህም ምክንያት አለው። በብዙ ግድግዳና ስልክ ላይ የምናየው ካርታ እ.ኤ.አ. በ1569 በካርታ ሠሪው በመርካቶር የተነደፈውን ዘዴ የሚከተል ነው፤ ወደ ዋልታ በቀረቡ ቁጥር መሬቱን ይለጥጠዋል። በምድር ወገብ መለኪያ ማስመሪያ ይዘው ትሮምሶንና ሎንግየርቢየንን ቢለኩ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ያነባሉ። ከእውነተኛው ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ ስህተት ነው። በሰሜን ጉዳይ ላይ በካርታ ማስመሪያ ርቀት መለካትን ጨርሰው ይተዉት።

አቋራጩ ስሌት የማይሠራበት

ከላይ የሰጠሁት ስሌት የሚያገለግለው ሁለቱ ቦታዎች በኬንትሮስ ሲቀራረቡ ብቻ ነው። ከተራራቁ ይሰበራል፤ ሲሰበርም በጥቂቱ አይደለም።

ሎንግየርቢየንንና ኡትኪያግቪክን ይውሰዱ። ኡትኪያግቪክ በ71.29 ሰሜን፣ በ156.77 ምዕራብ ናት። አንዱ ምሥራቅ ሌላው ምዕራብ ስለሆነ ኬንትሮሱ ይደመራል፤ 172 ዲግሪ ከሩብ ግድም ይሆናል። በአቋራጩ ስሌት ቢሄዱ 5,090 ኪሎ ሜትር ያህል ይወጣል። ነገር ግን 172 ዲግሪ ማለት ሁለቱ ቦታዎች ከዋልታው በተቃራኒ ወገን ፊት ለፊት ተቀምጠዋል ማለት ነው፤ አጭሩ መንገድ ጎን ለጎን መዞር ሳይሆን በዋልታው አጠገብ ማቋረጥ ነው። ከሎንግየርቢየን እስከ ዋልታ 11.75 ዲግሪ፣ ከዋልታ እስከ ኡትኪያግቪክ 18.71 ዲግሪ፣ ድምሩ 30.46 ነው። በ111 ሲባዛ 3,381 ኪሎ ሜትር። ትክክለኛው ስሌትም 3,380 ግድም ነው የሚያወጣው። የተሳሳተው መንገድ ከ1,700 ኪሎ ሜትር በላይ ጨምሮብዎት ነበር።

ስለዚህ ይህን መለያ ይያዙ፦ የኬንትሮስ ልዩነቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ አቋራጩን አይመኑ፤ የምድርን ክብነት የሚከተል ማስያ ይጠቀሙ። ልዩነቱ ወደ 180 ከተጠጋ ደግሞ ሁለቱን የዋልታ ርቀቶች መደመር ብቻ ይበቃዎታል።

ይኸው ምሳሌ ርቀትና የጉዞ ጊዜ ምን ያህል እንደሚለያዩ ጭምር ያሳያል። ማንኛውም ማስያ ከሎንግየርቢየን ኡትኪያግቪክ «4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ» ብሎ ሊነግርዎት ይችላል። በዚያ መስመር ግን የሚበር መደበኛ የመንገደኛ አውሮፕላን የለም። በእውኑ ዓለም ከሎንግየርቢየን ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ተመልሰው ኦስሎ ይወርዳሉ፤ ከዚያ አሜሪካ ይሻገራሉ፤ አንኮሬጅ ይደርሳሉ፤ ከአንኮሬጅ ደግሞ 1,160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ይበራሉ። ከአንድ ቀን በላይ የሚወስድ፣ የአሜሪካ ቪዛም የሚጠይቅ ጉዞ ነው። በቁጥሩ የተጀመረ ዕቅድ ሁሉ ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «በዚህ መስመር በእውነት የሚበር አለ ወይ?» የሚለውን ነው። መልሱ የሚገኘው ከአየር መንገዱ ወይም ከኤርፖርቱ የበረራ ሰሌዳ ብቻ ነው።

ኪሎ ሜትሩን ወደ ሰዓት መለወጥ

ለጄት አውሮፕላን የምመክረው ቀላል ደንብ ይህ ነው፦ ኪሎ ሜትሩን ለ800 ያካፍሉ፣ ውጤቱን ወደ ደቂቃ ይለውጡ፣ 30 ደቂቃ ይጨምሩበት። ሠላሳው ደቂቃ መሬት ላይ ለመንቀሳቀስ፣ ከፍታ ለመያዝና ለማረፍ ሲባል ፍጥነቱ ለሚቀንስበት ጊዜ ነው። ለእኛ መስመር 960 ሲካፈል ለ800፣ 1.2 ሰዓት፣ ማለትም 72 ደቂቃ ነው። 30 ሲጨመር 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይሆናል። በበረራ ሰሌዳዎች ላይ ከሚያዩት ጋር ይቀራረባል።

ነፋስስ? ከፊት ለፊት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አውሮፕላኑን ወደ 700 ያወርደዋል፤ ጉዞውን በ10 ደቂቃ ያህል ያራዝመዋል። ይህ መስመር ግን ከሞላ ጎደል በቀጥታ ወደ ሰሜን ስለሚሄድ፣ ከምዕራብ የሚመጣው ነፋስ በብዛት ጎኑን ነው የሚያገኘው። ስለዚህ በመሄጃና በመመለሻ መካከል አትላንቲክን ሲያቋርጡ እንደሚያዩት ያለ ትልቅ ልዩነት አይጠብቁ።

የ800 ደንብ ለትንንሾቹ አውሮፕላኖች አይሠራም። በሰሜን ኖርዌይ ያሉት ብዙዎቹ ኤርፖርቶች ማኮብኮቢያቸው አጭር ስለሆነ ጄት አያስተናግዱም፤ የሚያገለግሏቸው ዳሽ 8 የተባሉት ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ናቸው። ለእነርሱ ለ450 ያካፍሉና 20 ደቂቃ ይጨምሩ። ለምሳሌ ከትሮምሶ ሃመርፌስት 210 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 28 ደቂቃና 20 ደቂቃ ተደምሮ 48 ደቂቃ ይመጣል። በመኪና ወደ ምድር ዘልቀው የገቡትን የባሕር ክንዶች፣ ፊዮርዶቹን፣ እየዞሩ ሲሄዱ ያው መንገድ ከእጥፍ በላይ ይረዝማል።

ከአየሩ ውጭ ያለው ጊዜ

1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ አውሮፕላን ውስጥ የሚያጠፉት ነው። በትሮምሶ ኤርፖርት ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱ፤ ሎንግየርቢየን ሲደርሱ ሻንጣ ለማግኘት ግማሽ ሰዓት፣ በኤርፖርት አውቶቡስ ወደ መንደሩ ለመግባት ሩብ ሰዓት ያስቡ። ወደ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከትሮምሶ ማደሪያዎ ወደ ኤርፖርቱ የሚሄዱበትን ሲጨምሩ አምስት ሰዓት ይያዙ።

ሁለት ሰዓት ቀደም ይበሉ ያልኩት በፓስፖርት ፍተሻው ምክንያት ነው፤ ይህ ክፍል ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤት ከሁሉም የከበደ ስለሆነ በትኩረት ያንብቡት። ስቫልባርድ እ.ኤ.አ. በ1920 ፓሪስ ላይ በተፈረመው ውል መሠረት በኖርዌይ ሉዓላዊነት ሥር ናት፤ ነገር ግን የአውሮፓ አገሮች በጋራ ቪዛ ከሚጠቀሙበት ከሸንገን ቀጠና ውጭ ናት። ወደ ደሴቶቹ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ይህን የሰሙ አንዳንዶች ቪዛ የማያስፈልገው ጉዞ ነው ብለው ይደመድማሉ። አይደለም፤ መንገዱ በኖርዌይ በኩል ነውና ለመሄጃው ሸንገን ቪዛ ያስፈልግዎታል። ከትሮምሶ ሲነሱ ከሸንገን እንደወጡ ይመዘገባል። ሲመለሱ እንደ አዲስ ነው የሚገቡት። ቪዛዎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መመለሻ የለዎትም ማለት ነው። ስለዚህ ቪዛውን ሲያመለክቱ ገና ከጅምሩ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ እንዲሆን ይጠይቁ፤ የስቫልባርድ ቲኬትዎንም ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ።

በኖርዌይ ወይም በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለዎት ከሆነ ፓስፖርትዎንና የመኖሪያ ካርድዎን ሁለቱንም ይያዙ፤ ሁለቱም በመመለሻዎ ቀን የአገልግሎት ጊዜያቸው ያላለፈ መሆኑን ያረጋግጡ። የአገር ውስጥ በረራ ነው ብሎ ካርዱን ቤት ጥሎ መሄድ ጉዞውን በር ላይ ያስቀረዋል።

ከኦስሎ የሚነሱ ከሆነ ሁለት ምርጫ አለዎት። በቀጥታ የሚሄደው ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በትሮምሶ በኩል የሚያልፈው ደግሞ እስከ ትሮምሶ ሁለት ሰዓት ግድም ወስዶ እዚያ ለፓስፖርት ፍተሻ ሊያስወርድዎት ይችላል፤ አውሮፕላኑና መቀመጫው ያው ሆኖ እንኳ። በእጅ የያዙትን ዕቃ ሁሉ ይዘው ይውረዱ። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ ቀጥታውን ይምረጡ።

ሰዓቱንና ቀኑን ማንበብ

ሎንግየርቢየንና ትሮምሶ በአንድ ሰዓት ነው የሚሄዱት፤ መነሻውን ከመድረሻው መቀነስ ይበቃል። ከኢትዮጵያ ጋር ያለው ልዩነት በክረምታቸው ሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው አንድ ሰዓት ነው፤ የሚለወጠውም በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑዶች ነው።

አደገኛው ሌላ ነው። ወደ ሎንግየርቢየን የሚደርሱትም ሆነ ከዚያ የሚነሱት በረራዎች አንዳንዶቹ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ናቸው። ቲኬቱ ላይ «ረቡዕ 01፡30» ተብሎ ቢጻፍ እኛ ማክሰኞ ሌሊት ለረቡዕ አጥቢያ 7 ሰዓት ተኩል የምንለው ነው። የእነርሱ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ አነጋገር ግን ሌሊቱ እስኪነጋ ድረስ ከማክሰኞ ጋር ይቆጠራል። ረቡዕ የሚለውን አይቶ ረቡዕ ማታ ኤርፖርት የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ስለዚህ ከ00፡00 እስከ 06፡00 የተጻፈ ሰዓት ባዩ ቁጥር በማስታወሻዎ ላይ «ማክሰኞ ማታ ከቤት መውጣት» ብለው በራስዎ ቋንቋ ይጻፉት። ከመድረሻ ሰዓት አጠገብ ያለች የመደመር ምልክትና አንድ ቁጥርም በማግስቱ ይደርሳሉ ማለት ነው፤ የሆቴሉን ቀን በእርሷ መሠረት ይያዙ።

ፀሐይን አይቶ መገመት እዚህ አይቻልም። ሎንግየርቢየን ላይ ከኤፕሪል 20 አካባቢ እስከ ኦገስት 22 ድረስ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ደግሞ አትወጣም። ለሌሊቱ በረራ የስልክዎን ማንቂያ ይሙሉ፤ ብርሃኑ አይቀሰቅስዎትም።

ለአየር ጠባዩ የሚተው ቦታ

የሎንግየርቢየን ኤርፖርት እ.ኤ.አ. በ1975 የተከፈተ ሲሆን መደበኛ የመንገደኞች በረራ ካላቸው ኤርፖርቶች ሁሉ በሰሜን ጫፍ ያለው ነው። የተሠራው ዓመቱን ሙሉ በበረዶ በተያዘ መሬት ላይ ነው፤ በበጋ የላይኛው አፈር ሲቀልጥ ማኮብኮቢያው ስለሚወጣጣ ጥገና ይፈልጋል። ዙሪያው ተራራና ፊዮርድ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1996 ከሞስኮ የመጣ አውሮፕላን ለማረፍ ሲቃረብ መስመሩን ስቶ ኦፔራ ከሚባለው ተራራ ጋር ተጋጭቶ 141 ሰዎች አልቀዋል። አብራሪዎች እዚያ ጭጋግ ወይም ብርቱ ነፋስ ሲያጋጥማቸው ሳያርፉ ቢመለሱ ቅር ሊልዎት አይገባም።

ሲመለሱ የት ይሄዳሉ የሚለው ነው ሰዓቱን የሚወስነው። በደሴቶቹ ላይ ለትልቅ ጄት የሚበቃ ሌላ ማኮብኮቢያ ስለሌለ መመለሻው ወደ ዋናው ምድር ነው። 960 ሄደው 960 ይመለሳሉ፤ ከሦስት ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆይተው ከተነሱበት ትሮምሶ ሊወርዱ ይችላሉ። በረራዎቹ ጥቂት ናቸውና የሚቀጥለው ነገ ሊሆን ይችላል፤ በበጋ ደግሞ ሞልቶ ሊያገኙት ይችላሉ።

ስለዚህ ሦስት ነገር ያድርጉ። እስከ ሎንግየርቢየን ያለውን በአንድ ቲኬት ይቁረጡ፤ በሁለት ቲኬት ከሄዱ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎት ኪሳራው የእርስዎ ነው። መድኃኒትዎንና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ሲመለሱ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚያደርስዎትን በረራ ከስቫልባርድ በሚወጡበት ዕለት አይያዙ፤ ትሮምሶ ወይም ኦስሎ ላይ አንድ ሌሊት አድረው በማግስቱ ይነሱ። የአንድ ሌሊት አልጋ ከአዲስ የአህጉር አቋራጭ ቲኬት በብዙ ይረክሳል።